«ወደ ቤት ውሰዷት» ተባልን፤ የቀረ ሕክምና አለ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦

«እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ኩታበር ነው። ግፊት ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ አሁን የልብ ድካም ነው ተባለ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተሠርቶላት ልቧ ደም የመርጨት አቅሙ 20 በመቶ ነው አሉን። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስቴ ደሴ ተኝታ ወጥታለች። በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት አለን። ማታ ትታፈናለች፤ ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። ስትሰግድ ሱጁድ ላይ፣ ግንባሯን መሬት ስታስነካ፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ረመዳንን ካልጾምኩ ብላ አስቸግራናለች። ጅዳ ያለችው እህቴ ህንድ እንውሰዳት ትላለች። ወንድሜ በሬዎቹን ሊሸጥ ነው። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ እኔ ጋ ላምጣት እላለሁ። የቀረ ሕክምና አለ? እውነቱንስ እንንገራት?»

እህቴ፣ አላህ ያሽርልሽ። እናትሽን ሳላያቸው፣ ወረቀታቸውንም ሳላነብ ነው የምጽፍልሽ። ስለዚህ እዚህ ያነበብሽውን ይዘሽ የመድኃኒት መጠን እንዳትቀይሪ። የሚያክማቸውን ሐኪም ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ ግን ልነግርሽ እችላለሁ።

«ወደ ቤት ውሰዷት» የሚለው ቃል ቤተሰብ ላይ እንደ መርዶ ነው የሚወርደው። «እጅ ሰጡ፣ ተስፋ ቆረጡባት» ተብሎ ይወሰዳል። ከዚያ ክኒኑ ይቆማል፤ ቀጠሮው ይቀራል። ብዙም ሳይቆይ እግር ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ታማሚዋ ተቀምጠው ማደር ይጀምራሉ። ሰው ሁሉ በሽታው ባሰ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የባሰው መድኃኒቱ ስለቆመ ነው።

ሐኪሙ ማለት የፈለገው «ልቡን ወደ ድሮው የሚመልስ ነገር የለኝም» ይመስለኛል። ይሄ «ምንም የማደርገው የለም» ከማለት ጋር አንድ አይደለም። የልብ ድካም አንድ የራሱ ጠባይ አለው። ትንፋሽን የሚያቀልለው፣ እብጠትን የሚቀንሰው፣ እንቅልፍ የሚያስተኛው ዋናው መድኃኒት ያው የልቡ መድኃኒት ነው። እናትሽ ከእንግዲህ የሚያስፈልጋቸው እፎይታ ነው ብንል እንኳ ክኒኑ አይቆምም። እንዲያውም ከበፊቱ በበለጠ ጥንቃቄ ነው የሚሰጠው።

ስለ 20 በመቶው ልንገርሽ። ልብ በመታ ቁጥር በግራው ክፍል ካለው ደም ጤነኛ ከሆነ ከግማሽ በላይ ይረጫል። የእናትሽ ልብ የሚረጨው አንድ አምስተኛውን ነው። ወደፊት ያልተገፋ ደም ወደ ኋላ ያቁራል። በሳንባ በኩል ሲያቁር ትንፋሽ ያጥራል፤ በሌላው በኩል ሲያቁር እግርና ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ኩላሊትም የሚደርሰው ደም ስለሚያንሰው ሰውነት የደረቀ ይመስለውና ጨውና ውሃ ይዞ ያስቀራል። ነገሩ የሚባባሰው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይፈርድም። ልባቸው 20 በመቶ የሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ ገበያ ደርሶ ይመለሳል፣ ሌላው ከአልጋ አይወርድም። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ ያሳሰበኝ በአንድ ዓመት ሦስቴ መተኛታቸው ነው። በዚያ ላይ ግፊታቸው ዝቅ እያለ፣ ኩላሊታቸው እየደከመና በፊት ይስማማቸው የነበረ መድኃኒት እየከበዳቸው ከሆነ፣ ቀሪው ጊዜ ከአንድ ዓመት በታች ሊሆን ይችላል ብሎ መዘጋጀቱ ይሻላል። በእርግጠኝነት ቀን ቆርጦ የሚነግርሽ ሐኪም ካገኘሽ ግን አትመኚው። ይሄ በሽታ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል።

«የቀረ የለም» ከመባሉ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የደም ማነስ ወይም የብረት እጥረት አለ? የእንቅርት ሆርሞን ታይቷል? የልብ ምታቸው ተዛብቷል? ኢኮው ላይ የቫልቭ ችግር ታይቷል? እያንዳንዱ ልብን ለብቻው ሊያደክም የሚችል ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ሕክምና አለው። ከሁሉ በፊት ግን ቤት ውስጥ ያለውን ፈትሺ። እናትሽ ወገቤን፣ ጉልበቴን ብለው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይውጣሉ? ለቁርጥማት መርፌ ይወጋሉ? እነዚህ መድኃኒቶች ጨውና ውሃ ያስይዛሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የልብ ድካም ያለበትን ሰው በቀናት ውስጥ ሆስፒታል ሊያስገቡት ይችላሉ። ከመድኃኒት ቤት እንደ ከረሜላ ስለሚገዙ ማንም አይጠረጥራቸውም። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ውሃ ውስጥ የሚንቸከቸከው ዓይነት ግን አይሁን፤ ሶዲየም አለው።

ልብን የሚረዱት መድኃኒቶች አራት ወገን ናቸው። አንዱ ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ ናቸው። ሁለተኛው ሜቶፕሮሎል ወይም ካርቬዲሎል፣ ሦስተኛው ስፓይሮኖላክቶን ነው። አራተኛዎቹ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ይባላሉ። መጀመሪያ ለስኳር በሽታ የተሠሩ ናቸው፤ ስኳር ለሌለበት የልብ ድካም በሽተኛም እንደሚጠቅሙ የታወቀው በኋላ ነው። እናትሽ ከአራቱ የትኞቹን እንደሚወስዱ፣ የማይወስዱትን ለምን እንደማይወስዱ ጠይቂ። «ግፊታቸው አይችለውም» ወይም «ኩላሊታቸው አይፈቅድም» በቂ መልስ ነው። «አልታሰበም» ከተባልሽ ግን ውይይት መጀመር አለበት። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አንድ ላይ ከተሰጡ የኩላሊትና የፖታሺየም የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል። ፖታሺየም ከመጠን ሲያልፍ ልብን ያቆማል፤ ምልክትም ላይሰጥ ይችላል። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ከሚወስዱም ማቅለሽለሽና ምግብ መጥላት ሲመጣ «የሆድ ነገር ነው» ብላችሁ አትለፉት። መድኃኒቱ በዝቶባቸው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ፉሮሴማይድ እንምጣ። ብዙ ሰው ላሲክስ ወይም «የሽንት ክኒን» ይለዋል። የእናትሽ ሌሊት በአብዛኛው በዚህ ክኒን እጅ ነው።

ሰው የሚጠላውም እሱን ነው። ያመላልሳል። እንግዳ ፊት ያሳፍራል። መንገድ ሲወጡ ይተዉታል፣ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ይተዉታል። ማታ ከወሰዱት ደግሞ ሌሊቱን ሲነሱ ያድራሉ። ስለዚህ አንዱ ጠዋት፣ ሁለተኛው ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይሁን፤ ከዚያ አይለፍ። አልጋቸው አጠገብ ፖፖ አድርጉላቸው። ውጭ ድረስ በብርድ መውጣት ሲቀርላቸው ክኒኑን መደበቅም ይተዋሉ።

ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ሰውነት ውሃ ሲቋጥር አንጀትም ያብጣል። ያበጠ አንጀት ክኒኑን እንደ በፊቱ አይቀበለውም። እናንተ በትክክል እየሰጣችሁ፣ እሳቸው በትክክል እየዋጡ፣ ሽንቱ ግን አይመጣም። ያኔ «ክኒኑ ለመዳቸው» ይባላል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ለጥቂት ቀን በደም ሥር መስጠት ነው። ውሃው ከቀነሰ በኋላ ክኒኑ እንደገና ይሠራል። ይሄ ሁልጊዜ ደሴ ድረስ መሄድ ላይጠይቅ ይችላል። ሐኪሙ በወረቀት ካዘዘ ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ነርስ ሊወጋላቸው ይችል እንደሆነ አስቀድመሽ አስማሚ። በምሽት ከመኪና ፍለጋ ትድናላችሁ።

ለዚህ ደግሞ ሚዛን ያስፈልጋል። ጅዳ ያለችው እህትሽ ሚዛን ትላክ። ጠዋት ሸንተው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ይመዘኑ። ቁጥሩ ደብተር ላይ ይጻፍ። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ የጨመረው ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። እግር ሳያብጥ፣ ትንፋሽ ሳያጥር በፊት የሚናገረው ሚዛኑ ነው። ሐኪሙንም «2 ኪሎ ከጨመሩ ስንት ክኒን ልጨምር? ለስንት ቀን?» ብለሽ ጠይቂና በጽሑፍ አጽፊው።

ጨው ላይ እንቆይ፤ የወሎ ቤት ነውና። «ወጥ ላይ ጨው ቀንሰናል» ትሉኛላችሁ። እሺ። ቡናውስ? በገጠሩ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ጠዋት አንድ ዙር፣ ከሰዓት አንድ ዙር፣ ጎረቤት ሲጠራ ሌላ ዙር። በየሲኒው ትንሽ ትንሽ እየተባለ የሚገባው ጨው ከወጡ ሊበልጥ ይችላል። ሲኒውም ራሱ ፈሳሽ ነው፤ ሲጠጡ የዋሉትን ማንም አይቆጥረውም። ቡናውን አልከልክላቸውም። ያለ ጨው፣ ቀጠን ብሎ፣ አንድ ሁለት ሲኒ ይጠጡ። ከዚያ ድልህ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ ጨው የተረጨበት ቆሎ፣ የሾርባ ኩብ፣ የዳቦ ቤት ዳቦ ይታዩ። እንጀራው ችግር የለበትም። ለጤነኛ ሰው እንኳ የሚመከረው የቀን ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ከየትም የሚገባው ሁሉ ተደምሮ። ለእናትሽ ለብቻቸው ትንሽ ድስት ጣዱላቸው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ሎሚ በደንብ ይግባበት፤ ጨው የሌለው ምግብ የሚጠላው አልጫ ስለሚሆን ነው። «የልብ ሕመምተኛ ጨው» እየተባለ የሚሸጠውን ምትክ ጨው ግን አትግዙ። ብዙው ፖታሺየም ነው፤ ከመድኃኒታቸው ጋር ይጋጫል።

ፈሳሽ ሁሉ ተደምሮ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ቢሆን ይበቃል፤ ትክክለኛውን ልክ ሐኪሙ ይወስን። ጠዋት አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ ቡናውንም ሾርባውንም ከእሱ ላይ አስቡ። አፋቸው ሲደርቅ ሎሚ ቢልሱ፣ በእርጥብ ጨርቅ ከንፈራቸውን ቢያረጥቡ ውሃ ከመጨመር ይሻላል። ይሄ ሁሉ ቁጥጥር ግን ልክ አለው። ታማሚ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሲደርስ ጨውና ውሃ መቁጠሩን ተዉት።

ስለ ምግብ ካነሳን አይቀር፣ በጣም የምፈራው አንድ ነገር አለ። እናት መብላት ሲያቆሙ ልጅ ይጨነቃል። ሰፈሩ «ግሉኮስ ይሰካላት እንጂ፣ አቅም አጣች» ይላል። አንዱ ክሊኒክ ደግሞ ይሰካል። እህቴ፣ ለእናትሽ ዓይነት ልብ አንድ ከረጢት ግሉኮስ ማለት አንድ ሊትር ውሃ ደም ሥር ውስጥ ማፍሰስ ነው። ያ ውሃ ሌሊቱን ሳንባ ውስጥ ይገኛል። የስኳሩ ኃይልም ቢሆን ከጥቂት ቁራሽ እንጀራ አይበልጥም። የከሱት ስላልበሉ ብቻ አይደለም፤ በሽታው ራሱ ሥጋ ይበላል፣ ያበጠ ሆድም ቶሎ ያጠግባል። በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግማችሁ፣ የሚወዱትን ስጧቸው። ገንፎ ሁለት ማንኪያ ከበሉ በቂ ነው። አታስገድዷቸው።

የሌሊቱ መታፈን። ሲተኙ እግርና ሆድ ላይ የነበረው ውሃ ወደ ደም ይመለሳል፣ ሳንባ ላይ ይጫናል። ለዚያ ነው ተኝተው ከቆዩ በኋላ ደንግጠው የሚነሱት። የራስጌውን የአልጋ እግር ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ አሳርፉት፤ ትራስ ብቻ ሲደራረብ አንገት ያጥፋል፣ ሌሊትም ይንሸራተታል። መታፈኑ ሲመጣ አስቀምጧቸው፣ እግራቸውን ወደ ታች ያንጠልጥሉ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ በትራስ ያስደግፉ። መስኮት ክፈቱ። ፊታቸው ላይ በማራገቢያ ወይም በካርቶን አራግቡ፤ ጉንጭና አፍንጫ አካባቢ የሚነካ አየር የመታፈን ስሜትን ያረግባል። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አይከባቸው። አንድ የተረጋጋ ሰው እጃቸውን ይዞ ቀስ ብሎ አብሮ ይተንፍስ። ድንጋጤ ራሱ ትንፋሽ ይጨርሳል።

የኩታበር ብርድ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አይግባ። በሩ ተዘግቶ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ጤነኛውንም ይገድላል። የኩበት ጭስም ለእሳቸው መልካም አይደለም። ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ሲደረግ ጭሱ ሌላ ክፍል ይሁን። ጫቱንም ይለፉት፤ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል። ዱዓው በቂ ነው።

ኦክስጅን ሁሉም ቤተሰብ የሚጠይቀው ነገር ነው። የሚጠቅመው የደም ኦክስጅን መጠን ሲወርድ ነው፣ በተለይ ከ90 በመቶ በታች ሲሆን። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ከዚያ በላይ ካሳየ ሲሊንደር ማመላለሱ ወጪ ብቻ ነው፤ ማራገቢያው ይበልጣል። ኦክስጅን ቤት ከገባም ከሰል፣ እጣንና ሻማ ከክፍሉ ይውጡ።

ሞርፊን ስልሽ እንዳትደነግጪ። የሽንቱ መድኃኒት በሚገባ ተሰጥቶም መታፈኑ ካልለቀቀ፣ የሚዋጥ ሞርፊን በትንሽ መጠን ሊረዳ ይችላል። ሁሉንም ሰው አይረዳም፤ የሚረዳቸው ግን እንቅልፍ ያገኛሉ። የሚጀመረው ለካንሰር ሕመም ከሚሰጠው በጣም ባነሰ መጠን ነው፤ ብዙ ጊዜ በ2.5 ሚሊግራም። በልክ ከተሰጠ ሰው አይገድልም፣ ሱሰኛም አያደርግም። ኩላሊታቸው ከደከመ መጠኑ ይቀንሳል ወይም ሰዓቱ ይራራቃል። ሆድ ያደርቃልና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝ፤ ማማጥ ለልብ መጥፎ ነው። የሚታዘዘው በልዩ ማዘዣ ስለሆነ በየመድኃኒት ቤቱ አይገኝም። ሐኪሙን በቀጥታ «ለትንፋሽ ሞርፊን ይሆናቸዋል ወይ?» በይው። ብዙ ሐኪም ቤተሰብ ይደነግጣል ብሎ ቀድሞ አያነሳውም።

ሱጁዱ ላይ ያልሽው ነገር ትልቅ ምልክት ነው። ሰው ጎንበስ ሲል ደረትና ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ሞልቶ ያለ ልብ ላይ ሌላ ጫና ይመጣል። ጎንበስ ብሎ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ ማጠር ውሃው ገና እንዳልወጣ ይናገራል። ለሐኪሙ ንገሪው፤ «ጫማ ሲያስሩ» ብሎ ነው የሚጠይቅሽ፣ አንቺ «ሱጁድ ላይ» በይው። እስኪሻላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስገዱ። ለታመመ ሰው ተቀምጦ፣ ካልቻለም ተኝቶ መስገድ የተፈቀደ ነው።

ጾሙም እንዲሁ። በሕክምና በኩል መልሴ አጭር ነው፤ አይጹሙ። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቀርቶ፣ ማታ ጥማቱን ለማካካስ ውሃና ጨው ያለው ሾርባ በአንዴ ሲገባ ሌሊቱን ሆስፒታል ያሳድራል። ግን እናትሽ እኔን አይሰሙኝም። አንቺንም አይሰሙሽም። ቁርዓን ለበሽተኛ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ ሰው ለያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን በማብላት ፊድያ ያወጣል። የሚያከብሯቸውን ሼህ ቤት ጥሩላቸውና እሳቸው ይንገሯቸው። ለምስኪኑ የሚወጣውን እህል እናትሽ ራሳቸው ይስፈሩት። ከጾሙ ተገለልኩ ብለው እንዳያዝኑ ይሄ ይረዳል።

ህንድ። እህትሽ የምትለው ከፍቅር ነው፤ ስለዚህ በግልጽ ልጻፍ። ለዚህ ደረጃ የደረሰ ልብ ውጭ አገር ያለው ትልቅ ነገር ሁለት ነው። አንዱ የልብ ንቅለ ተከላ ነው። እኛ አገር አይሠራም። ህንድ ይሠራል፤ ግን ከሞተ ሰው የሚገኝ ልብ መጀመሪያ የሚሰጠው ለአገሪቱ ዜጎች ነው። የውጭ ሰው ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ላይ በ67 ዓመት፣ ኩላሊት ከደከመ፣ ብዙ ማዕከል አይቀበልም። ቢቀበል እንኳ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ውድ መድኃኒትና የቅርብ ክትትል አለ። ሁለተኛው ደም የሚገፋ ፓምፕ ደረት ውስጥ መትከል ነው። ፓምፑ በሆድ ቆዳ በኩል በሚወጣ ሽቦ ከባትሪ ጋር ይያያዛል፤ ባትሪው በየቀኑ ቻርጅ ይደረጋል፣ የሽቦው መውጫም እንዳያመረቅዝ ይጠበቃል። መብራት ለቀናት ሲጠፋ ኩታበር ላይ ምን ይኮናል?

አንድ ሁኔታ ላይ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ኢኮው ሊጠገን የሚችል የቫልቭ በሽታ ካሳየ ወይም የልብ ደም ሥር መዘጋት ከተጠረጠረ፣ አዲስ አበባ የልብ ስፔሻሊስት ወረቀቱን ይይ። ለዚያ እናትሽን ወዲያው ማንገላታት አያስፈልግም። መጀመሪያ የኢኮው ውጤትና የመጨረሻው የመውጫ ወረቀት ይላክ። ያ ካልሆነ በሬዎቹ ይቆዩ። ገንዘቡ በአዲሶቹ ክኒኖች፣ በሚዛን፣ በጥሩ ፍራሽ፣ በደም ምርመራና ለሊት በምትጠራ መኪና ላይ ቢወጣ እናትሽ ይሰማቸዋል። የማኅበረሰብ ጤና መድን መታወቂያቸው መታደሱንም አረጋግጪ፤ በሪፈር ሲሄዱ ብዙ ወጪ ያቀልላል።

ኮምቦልቻ ማምጣቱ ላይ ሁለት ልብ ነኝ። ደሴና ኩታበር ከፍ ያለ አገር ነው፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከዚያ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። ዝቅ ሲባል አየሩ ኦክስጅኑ ይሻላል፣ ብርዱም ይቀንሳል። ትንሽ እፎይታ ሊሰጣቸው ይችላል። በሌላ በኩል ሐኪማቸው ደሴ ነው፤ ሌሊት ሲብስባቸው ወደ ደሴ የሚወስደውን የሃረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ መውጣት አለ። ከዚያ ደግሞ ጎረቤቱ፣ መስጊዱ፣ ቡና የሚያጣጡት ሴቶች ሁሉ ኩታበር ናቸው። እንደ እኔ ለሁለት ሳምንት «እስቲ እኔ ጋ ክረሚ» ብለሽ አምጪያቸውና እንቅልፋቸውን እዪ። ከተሻላቸው ይቆዩ። «አገሬ መልሱኝ» ካሉ ይመለሱ። የሳቸው ቃል ከሜትሩ ይበልጣል።

እውነቱን እንንገራት ወይ አልሽ። እኔ የምለው መጀመሪያ ጠይቋቸው ነው። «እማ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ልንገርሽ ወይስ ለእኛ ይተው?» በያቸው። አንዳንድ እናት «እናንተ እወቁት» ትላለች፤ ይከበርላት። አብዛኞቹ ግን ያውቁታል። ሦስቴ ተኝቶ የወጣ ሰው የልጆቹን ፊት ማንበብ አያቅተውም። ዝም ሲባሉ ብቻቸውን ነው የሚፈሩት። ሲነገራቸውም «ልትሞቺ ነው» አይባልም። «ልብሽ በጣም ደክሟል፤ አይድንም። መድኃኒቱ ያቀልልሻል። ከእንግዲህ ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ይባላል። ያኔ ዕዳ ያለባቸው ይናገራሉ። አደራ ያላቸው ይመልሳሉ። የተኳረፉትን ያስጠራሉ። ኑዛዜም ካላቸው በጤናማ አእምሮ፣ በሽማግሌ ፊት ይደረግ።

አንድ ከባድ ጥያቄም አብሮ ይነሳ። ልባቸው ቢቆም ደረታቸው እንዲጫንና መሣሪያ እንዲገባላቸው ይፈልጋሉ? ሙሉ በሙሉ በደከመ ልብ ላይ ይሄ የመሥራት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ሰዓት ከልጆች ይነጥቃል። ቤተሰቡ አስቀድሞ ከተስማማ ለሐኪሙ ይነገርና ካርዳቸው ላይ ይጻፍ። ጅዳ ያለችውም በስልክ ትግባ። ሩቅ ያለ ልጅ ሳይጠየቅ የተወሰነ ነገር በኋላ ጠብ ያመጣል።

ሰዓቱ ሲቃረብ ይታወቃል። ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። ምግብ አይፈልጉም። እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ሽንት ያንሳል። ትንፋሽ እየፈጠነ ሄዶ ለጥቂት ሰኮንድ ይቆማል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል፤ ይሄ ለሚያየው ያስፈራል፣ ለሳቸው ግን ያን ያህል ስቃይ አይደለም። ጉሮሯቸው ከተንኮራኮረ በጎናቸው አስተኟቸው። መዋጥ ካቃታቸው ክኒን በግድ አትስጡ፤ ለመታፈንና ለጭንቀት በጠብታ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ነገር ቀድማችሁ ከሐኪሙ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ድሪፕ አይሰካ። አፋቸውን በእርጥብ ጥጥ እያረጠባችሁ ሸሃዳውን ቀስ ብላችሁ በጆሯቸው በሏቸው።

ከዚያ በፊት ግን ደሴ ወዲያው የሚኬድባቸው ነገሮች አሉ፦ ድንገተኛ ከባድ መታፈን ከአረፋ ያለው አክታ ጋር፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ አፍ መጣመም ወይም እጅ መስነፍ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት አለመምጣት። ቤተሰቡ ቤት እንዲቆዩ ከወሰነ ያም ውሳኔ ነው፤ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በድንጋጤ የሚወሰን አይሁን።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ፣ ያቆሙትንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። የክብደቱን ደብተር ያዢ። ኩላሊት፣ ፖታሺየም፣ የደም መጠንና ብረት እንዲሠራ ጠይቂ። ውጤቱ ሲወጣ ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች ስም ጋር ጻፊልኝ፤ የትኛው እንደሚቀነስና የትኛው እንደሚጨመር ከሐኪማቸው ጋር እንድትነጋገሪበት አስተያየቴን እሰጥሻለሁ።